አንድን ትዕዛዝ በሌላ ግሩፕ ስር ማስኬድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ

የሰዎች የግል መዝገብ ያለባቸውን ፋይሎች ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚቀይር ፕሮግራም ደርሶናል። ሶርስ ኮዱ የለም፤ እጃችን ላይ ያለው ባይነሪው (ለመሮጥ የተዘጋጀው፣ ሰው የማያነበው ፋይል) ብቻ ነው። የሰው ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘ ፋይል እንዲህ ላለ ፕሮግራም ከመስጠቴ በፊት ወደ ውጭ ምንም እንደማይልክ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ከኔትወርክ ጨርሶ ልነጥለው ደግሞ አልችልም፤ እዚያው የሊነክስ ማሽን ላይ ካለው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር በማሽኑ የውስጥ አድራሻ በ127.0.0.1 በኩል ይገናኛል። በ"አንሼር -ኤን" ባዶ የኔትወርክ ኔምስፔስ (ለብቻው የተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ብከተው ዳታቤዙም አብሮ ይጠፋበታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ለፕሮግራሙ የራሱን ተጠቃሚ መፍጠር ነው። ለዚህ ሥራ አልመረጥኩትም። ሴቲንጉ የሚቀመጠው ሆም ፎልደሬ ውስጥ ነው፣ ውጤቱም በእኔ ስም መውጣት አለበት። ይህን ሁሉ ለአዲስ ተጠቃሚ መክፈት ከጀመርኩ መጨረሻው ፈቃድን ለሁሉም መልቀቅ ይሆናል። ግሩፕ (ተጠቃሚዎች ፈቃድ የሚጋሩበት ስብስብ) ግን ባለቤትነቴን ሳይነካ ለአንድ ትዕዛዝ ብቻ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ኖኔት የሚባል ግሩፕ መፍጠር፣ ፋየርዎሉ በዚህ ግሩፕ ስር የተከፈተን ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) እንዲያግድ ማድረግ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን በዚያ ግሩፕ ስር ማስነሳት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ስለ ግሩፕ ምን ተሸክሞ እንደሚሄድ በዓይን ማየት ይጠቅማል። "/ፕሮክ/ሰልፍ/ስታተስ" ሲከፈት "ጂአይዲ" የሚለው መስመር ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፦

ጂአይዲ፦ 1000 1000 1000 1000
ግሩፕስ፦ 27 100 995 1000 1005

አራቱ በቅደም ተከተል እውነተኛው፣ በሥራ ላይ ያለው፣ የተቀመጠው እና ለፋይል ሥርዓቱ የሚያገለግለው ግሩፕ ናቸው። ከታች ያለው ዝርዝር ደግሞ ተጨማሪ ግሩፖች ናቸው። በሥራ ላይ ባለውና በተጨማሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ሥራ እምብርት ነው። ፋይል ሲከፈት ከርነሉ (የሊነክስ ዋና ክፍል) ሁለቱንም ያያል። አዲስ ፋይል ሲፈጠር ግን የፋይሉ ግሩፕ የሚሆነው በሥራ ላይ ያለው ብቻ ነው። ፋየርዎሉም የሚያየው እርሱን ብቻ ነው።

ተጨማሪ ግሩፖች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የዩኒክስ ዝርያ በ4.2ቢኤስዲ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ አንድ ግሩፕ ብቻ ነበረው፤ ሌላ ግሩፕ የፈለገ ሰው "ኒውግሩፕ" ብሎ ይቀይር ነበር። ይህ ትዕዛዝ እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወጥቶ መግባት ሲሰለቸው ብቻ ቢሆንም፣ የተሠራለት ዓላማ አሁን ከምፈልገው ጋር አንድ ነው፦ በየትኛው ግሩፕ ስር ልሥራ የሚለውን መምረጥ።

ግሩፑን ቁጥሩን 990 አድርጌ ፈጠርኩት፤ ራሴንም በ"ጂፓስወርድ -ኤ" ጨመርኩ። "ዩዘርሞድ" የሚጠቀም ካለ ከትልቁ ጂ ጋር ትንሿን ኤ አይርሳ፤ ያለ እርሷ ተጠቃሚው ከሌሎች ግሩፖቹ ሁሉ ይወጣል።

ከዚያ እዚያው ተርሚናል ላይ "አይዲ" ስል ኖኔት አይታይም፤ "አይዲ" ብዬ ስሜን ስጨምርበት ይታያል። የመጀመሪያው የሚናገረው ፕሮሰሱ የተሸከመውን ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ "/ኢቲሲ/ግሩፕ" ላይ የተጻፈውን። የግሩፕ ዝርዝር የሚታደለው ሎግኢን ሲደረግ አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ፕሮሰሶች ከወላጃቸው ይወርሱታል እንጂ ፋይሉን ተመልሶ የሚያነብላቸው የለም። አንድን ትዕዛዝ በሌላ ግሩፕ ስር የሚያስነሳው "ኤስጂ" ግን ፋይሉን ራሱ ስለሚያነብ ወጥቶ መግባት ሳያስፈልግ ወዲያው ይሠራል።

ማክሰኞ

ፋየርዎሉን በኤንኤፍቴብልስ (የሊነክስ ፋየርዎል መሥሪያ) ሠራሁት። የውጭ መውጫው ሰንሰለት ላይ የገባው፣ በግሩፕ 990 ስር ያለ ነገር ከኤልኦ (ከማሽኑ የውስጥ መገናኛ) ውጭ ሲወጣ ቆጥሮ የሚከለክለው መስመር ይህ ነው፦

ሜታ ኤስኬጂአይዲ 990 ኦአይኤፍኔም != "ኤልኦ" ካውንተር ሪጀክት

በ"አይኔት" ቴብል ውስጥ ስላለ አይፒ 4ንም አይፒ 6ንም ይይዛል። በቆየው መሣሪያ በአይፒቴብልስ "--ጂአይዲ-ኦውነር" የሚሠራ ሰው ግን ለአይፒ 6 በአይፒ6ቴብልስ ሌላ ደንብ ማስገባት አለበት፤ ይህ ከተዘለለ ግማሹ በር ክፍት ነው። በስም ፈንታ 990ን የጻፍኩት ስሙ ወደ ቁጥር የሚቀየረው ደንቡ ሲጫን ስለሆነ ነው። ግሩፑ የሌለበት ማሽን ላይ ስም ከተጻፈ ፋይሉ በሙሉ ሳይጫን ይቀራል።

ለምን ሪጀክት (ከልክሎ ማሳወቅ) እንጂ ድሮፕ (ዝም ብሎ መጣል) አላልኩም? ድሮፕ ከሆነ የቲሲፒ ግንኙነት የጀመረ ፕሮግራም መልስ ሳያገኝ እየደጋገመ ይሞክራል፤ በሊነክስ የተለመደው ሴቲንግ ተስፋ እስኪቆርጥ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ፋይሎቹ ብዙ ስለሆኑ ይህ ሥራውን ይገድለዋል። በሪጀክት "ግንኙነቱ ተከልክሏል" የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣለታል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ደንቡ የሚያየው ሶኬቱ ሲከፈት ፕሮሰሱ የነበረበትን ግሩፕ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተከፈተ ሶኬት፣ ከወላጅ የተወረሰም ቢሆን፣ አይነካም። የኖኔት አባል መሆኔም ብቻውን ምንም አያቋርጥብኝም፤ ብሮውዘሬ እንደ ወትሮው ይሠራል። አባልነት ወደዚያ ግሩፕ ለመግባት ፈቃድ ነው፤ መግባቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ድርጊት ነው። ተጨማሪ ግሩፖችም ቢታዩ ኖሮ ይህ ዘዴ አባል የሆነውን ሰው ሁሉ ከኔትወርክ ያወጣው ነበር።

ሙከራ (ከርል ከድረ ገጽ ጋር፣ ፒኤስኪውኤል ከፖስትግሬስ ጋር ያገናኛል)፦

ኤስጂ ኖኔት -ሲ "ከርል" ከአንድ የውጭ አድራሻ ጋር — ወዲያው ተከለከለ።
ያው ከርል ያለ ኤስጂ — ሠራ።
ኤስጂ ኖኔት -ሲ "ፒኤስኪውኤል" በ127.0.0.1 — ሠራ።

ሦስቱም እንደተፈለገው ቢመስልም የመጀመሪያውን መልስ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከርል ያለው "ግንኙነቱ ተከልክሏል" ነው እንጂ "ስሙን ማግኘት አልቻልኩም" አይደለም። ያ ማለት የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የመቀየር) ጥያቄው ወጥቶ መልስ ይዞ ተመልሷል። እዚህ ማሽን ላይ የስም ጥያቄ የሚሄደው 127.0.0.53 ላይ ወዳለው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ ነው፤ ኤልኦን ስለፈቀድኩ ጥያቄው ያልፋል፣ ሪዞልቭድም በራሱ ስም ወደ ውጭ ያደርሰዋል። የዲኤንኤስ ጥያቄ ደግሞ መረጃ መሸከም ይችላል፤ መዝገቡ እንደ ስም ተቆራርጦ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ኤልኦን በሙሉ መፍቀድ ቀርቶ ወደ ቲሲፒ ፖርት 5432 የሚሄደው ብቻ ተፈቀደ፤ ሌላው ሁሉ ሪጀክት።

ይህም ቢሆን አልበቃም። "/ኢቲሲ/ኤንኤስስዊች.ኮንፍ" ላይ "ሆስትስ" የሚለው መስመር "ሪዞልቭ" የሚል ቃል ካለበት፣ ጥያቄው በኔትወርክ ሳይሆን በዩኒክስ ሶኬት በኩል ወደ ሪዞልቭድ ይሄዳል፤ ፋየርዎሉ ደግሞ ዩኒክስ ሶኬትን አያይም። መስመሩን "ፋይልስ ዲኤንኤስ" ብቻ አድርጌ ስሞክር ከርል ስሙን ማግኘት እንዳልቻለ ተናገረ። የምፈልገው መልስ ይህ ነበር።

ረቡዕ

ፕሮግራሙን ራሱን በኤስጂ አስነስቼ ለሙከራ በተዘጋጁ የውሸት መዝገቦች አስኬድኩት። ሥራውን ጨረሰ። ካውንተሩን ሳየው ግን ከፍ ብሏል፤ ሎግ ጨምሬ ሳስኬደው ለመውጣት የሞከረው ወደ ፖርት 443 (ኢንክሪፕት የተደረገ የዌብ ግንኙነት የሚሄድበት) ነው። ምን ሊልክ እንደነበር ከዚህ አይታወቅም፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ትርፍ ሥራ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ከኤስጂ ጋር የመጡ ጉዳዮች፦

ጊዜያዊ ፋይሎቹ የወጡት እኔ በ"ቲኤምፒዲር" ባዘዝኩበት ኢንክሪፕት የተደረገ ዲስክ ላይ ሳይሆን "/ቲኤምፒ" ውስጥ ነው። ምክንያቱ ኤስጂ የሴትዩአይዲ ፕሮግራም (ማንም ቢያስነሳው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን የሚሠራ) መሆኑ ነው። ግሩፕ መቀየር የሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሥልጣን ስለሚጠይቅ ኤስጂ እንደ ሩት ይነሳል፣ መሠረታዊው ላይብረሪ ጂሊብሲም እንዲህ ላለ ፕሮግራም አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎችን (ፕሮግራም ሲነሳ የሚወርሳቸውን ሴቲንጎች) ያጠፋል፦ ኤልዲ_ፕሪሎድ፣ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ፣ ቲኤምፒዲርም ጭምር። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። የግል መዝገብ ለሚያስኬድ ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። መፍትሔው ቫሪያብሉን ከ-ሲ በኋላ ባለው ትዕዛዝ ውስጥ እንደገና መስጠት ነው።

ሁለተኛው የትዕዛዙ አጻጻፍ ነው። ኤስጂ ከ-ሲ በኋላ የሚቀበለው አንድ ወጥ ጽሑፍ ሲሆን ለ"/ቢን/ኤስኤች" ሼል (ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ያስረክበዋል። ስማቸው ውስጥ ባዶ ቦታ ያለባቸው ፋይሎች ለሁለት ይሰነጠቃሉ። በባሽ "ፕሪንትኤፍ %ኪው" ማቀፍ ይረዳል፤ ነገር ግን ሎካሉ (የቋንቋና የፊደል ሴቲንጉ) "ሲ" ሲሆን ባሽ በግዕዝ ፊደል የተጻፈን ስም በዶላርና በጥቅስ በታቀፈ የኮድ ቁጥር ይጽፈዋል፣ ይህን አጻጻፍ ደግሞ ብዙ ሲስተም ላይ "ኤስኤች" ሆኖ የሚያገለግለው ዳሽ ላይረዳው ይችላል። በተመደበ ሰዓት ሥራ ከሚያስነሳው ከክሮን የሚነሳ ስክሪፕት ላይ ሎካሉ ብዙ ጊዜ "ሲ" ነው። በቀን በእጅ የሠራው በሌሊት ያልሠራበት ሰው እዚህ ጋ ይፈትሽ።

በስክሪፕት ውስጥ በኤስጂ ፈንታ "ኒውግሩፕ" መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ኒውግሩፕ አዲስ ሼል ከፍቶ እዚያው ይቆማል፤ ከእርሱ በታች የተጻፉት መስመሮች የሚሠሩት ያ ሼል ሲዘጋ፣ በቀድሞው ግሩፕ ስር ነው።

ሦስተኛው፣ የወጡት ፋይሎች ግሩፕ ኖኔት ሆኗል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ውጤቱን የሚያነቡት ባልደረቦቼ ግን የ"መዝገብ" ግሩፕ አባላት ናቸው። የውጤት ፎልደሩን በ"ሲኤችሞድ ጂ+ኤስ" ካደረግኩት፣ ማለትም የሴትጂአይዲ ምልክት ከሰጠሁት፣ እዚያ የሚፈጠር ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ ይወርሳል። በፍሪቢኤስዲና በማክኦኤስ ይህ ያለ ምልክትም የተለመደ ነው፤ በሊነክስ ምልክቱን ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ጽፎ ሲጨርስ በስም ለውጥ ያዛውራል፤ የተዛወረ ፋይል ደግሞ የተወለደበትን ግሩፕ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጊዜያዊው ፎልደርም ሴትጂአይዲ በሆነው ፎልደር ስር እንዲሆን አደረግኩ፤ ንዑስ ፎልደሮች ምልክቱንም ይወርሳሉ። ዩማስክ (አዲስ ፋይል ላይ የሚቀነሰው ፈቃድ) 027።

ሐሙስ

ዛሬ የፈተሽኩት ከዚህ ማምለጥ ይቻል እንደሆነ ነው። በኤስጂ በተከፈተ የኖኔት ሼል ውስጥ "ኒውግሩፕ" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ያለ ምንም ጥያቄ ወደ ዋናው ግሩፔ መለሰኝ፤ ከርልም ሠራ። እኔ የራሴ ዋና ግሩፕ አባል ስለሆንኩ ኒውግሩፕ የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ፕሮግራሙ ይህችን አንድ ቃል ካወቀ ግድግዳው የለም ማለት ነው።

ሊነክስ ለዚህ መልስ አለው። ከ3.5 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ "ኖ ኒው ፕሪቭስ" የሚባል ምልክት አንድ ፕሮሰስ ላይ ከተደረገ በእርሱና በልጆቹ ላይ የሴትዩአይዲም የሴትጂአይዲም ምልክት አይሠራም፤ አንዴ ከተደረገም አይነሳም። ትዕዛዙን "ሴትፕሪቭ --ኖ-ኒው-ፕሪቭስ" አስቀድሜ ሳስኬድ ኒውግሩፕ ከበሩ ተመለሰ።

የቀረው ተጨማሪ ግሩፖች ናቸው። ኤስጂ በሥራ ላይ ያለውን ግሩፕ ይቀይራል እንጂ የቀድሞዎቹን አይጥልም። ሰኞ የታየውን ዝርዝር ተመልከቱ፤ 995 እዚህ ማሽን ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል የተነጠለ ክፍል የሚያስነሳ) ነው። የዶከር ሶኬት ለዶከር ግሩፕ ክፍት ስለሆነና ዩኒክስ ሶኬት ስለሆነ፣ በኖኔት ስር ያለ ፕሮሰስ ዶከርን ኔትወርክ ያለው ኮንቴነር እንዲያስነሳለት መጠየቅ ይችላል። ከዚያም አልፎ ሩት ይሆናል። በሌላ ተጠቃሚ ወይም ግሩፕ ሥልጣን ትዕዛዝ የሚያስኬደው "ሱዶ -ጂ ኖኔት"ም በዚህ ረገድ ከኤስጂ አይሻልም፤ የጠሪውን ተጨማሪ ግሩፖች ይዞ ይሄዳል።

ተጨማሪ ግሩፖችን መጣል ራሱ ሥልጣን ይጠይቃል፤ አንድ ፕሮሰስ ከግሩፕ ዝርዝሩ ላይ በራሱ ፈቃድ ምንም መሰረዝ አይችልም። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ መብቱን ለመቀነስ ሰው ለምን ፈቃድ ይጠይቃል? መልሱ ግሩፕ መጣል ሁልጊዜ መብት መቀነስ ስላልሆነ ነው። ከርነሉ ፈቃድ ሲመረምር በመጀመሪያ ባለቤቱን፣ ቀጥሎ ግሩፑን፣ በመጨረሻ ሌላውን ያያል፤ አንዱ ከገጠመ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ፈቃዱ 604 የሆነ ፋይል ሌላው ሰው ሁሉ ሲያነበው የግሩፑ አባላት ብቻ ይከለከላሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ላይ ከግሩፑ መውጣት ማንበብን ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዩዘር ኔምስፔስ ውስጥ በዚሁ በኩል ቀዳዳ ተገኝቶ በደህንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ሲቪኢ-2014-8989 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሊነክስ 3.19 የ"ሴትግሩፕስ" መቆጣጠሪያ ፋይል በ"/ፕሮክ" ስር የጨመረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኤስጂን ትቼ በሩት ባለቤትነት የተያዘ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ሱዶ ያለ ፓስወርድ እንዲያስነሳ የተፈቀደለት ይህን ስክሪፕት ብቻ ነው። ሴትፕሪቭን በቀጥታ ለሱዶ መፍቀድ ሩትን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ ግሩፖቹ በስክሪፕቱ ውስጥ የታሰሩ ናቸው፦

ኤክሴክ ሴትፕሪቭ --ሪዩአይዲ "$ሱዶ_ዩአይዲ" --ሪጂአይዲ 990 --ግሩፕስ 1005 --ኖ-ኒው-ፕሪቭስ --ሪሴት-ኢንቭ -- "$@"

1005 የመዝገብ ግሩፕ ነው። መጀመሪያ "--ክሊር-ግሩፕስ" ብዬ ሁሉንም ጥዬ ነበር የሞከርኩት፤ የጥሬው መረጃ ፎልደር ለመዝገብ አባላት ብቻ የሚነበብ ስለሆነ አንዷን መመለስ ግድ ሆነ። "--ሪሴት-ኢንቭ" የገባው ሱዶ "ሆም"ን የሩት ፎልደር ላይ አድርጎ ስለሚያስረክብ ነው፤ እርሱ ወደ ተጠቃሚው ይመልሰዋል። ቲኤምፒዲርን ግን እርሱም ስለሚያጠፋ ከሰረዙ በኋላ በ"ኢንቭ" ተሰጥቷል። ደስ ያለኝ ደግሞ ሴትፕሪቭ በመሐል ሼል አያስገባም፤ የረቡዕ የጥቅስ ጣጣ በሙሉ ቀረ። በግዕዝ የተሰየሙትም ፋይሎች በሎካል "ሲ" ስር ያለ ችግር አለፉ።

ውጤቱ ከውስጥ ሲታይ፦

ጂአይዲ፦ 990 990 990 990
ግሩፕስ፦ 1005
ኖኒውፕሪቭስ፦ 1

ግሩፑ መለየቱ ያልጠበቅኩትን ጥቅምም አመጣ። በሊነክስ አንድ ፕሮሰስ የሌላውን ሚሞሪ በፒትሬስ (ሌላ ፕሮሰስን መመርመሪያ) ለማየት ተጠቃሚው ብቻ ሳይሆን ግሩፑም መግጠም አለበት። ስለዚህ በኖኔት ስር ያለው ፕሮግራም፣ በእኔ ስም ቢሠራም፣ ክፍት ወዳሉት ሌሎች ፕሮግራሞቼ መግባት አይችልም።

የዚህ ዘዴ ወሰን ግን ግልጽ መሆን አለበት። ተጠቃሚው እኔው ስለሆንኩ ፕሮግራሙ "ባሽአርሲ" ፋይሌ ላይ መስመር ሊጨምር ይችላል፣ በሚቀጥለው ሎግኢን ያ መስመር ኔትወርክ ባለው ግሩፕ ስር ይነሳል። በ"/ረን/ዩዘር" ስር ባለው ሶኬት በኩል የተጠቃሚውን ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) "ይህን አስነሳልኝ" ብሎ መጠየቅም ይችላል። ሳይጠየቅ ወደ ቤቱ የሚደውል ፕሮግራምን ይህ ግድግዳ ያስቆመዋል። መውጫ ለሚፈልግ ተንኮለኛ ፕሮግራም ግን ሌላ ተጠቃሚ ወይም ሙሉ ኔምስፔስ ያስፈልጋል፣ ያኔ የዳታቤዙን መንገድ በዩኒክስ ሶኬት ማስገባት ይቻላል።

ዓርብ

የሌሊቱን ሥራ ወደ ሲስተምዲ ሰርቪስ አዛወርኩ። "ግሩፕ=ኖኔት"፣ "ኖኒውፕሪቪሌጅስ=የስ"፣ "ዩማስክ=0027" መጻፍ ቀላል ነው። "ሰፕልሜንታሪግሩፕስ" የሚለው ግን ለተጠቃሚው "/ኢቲሲ/ግሩፕ" ላይ በተጻፉት ላይ ይጨምራል እንጂ አይተካቸውም፤ ዶከር በዚህ በኩል ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሰርቪሱ እንደ ሩት ተነስቶ ያንኑ የሴትፕሪቭ መስመር ይጠራል፤ ሱዶ ስለሌለ የተጠቃሚው ቁጥር በቀጥታ ተጽፏል።

በትክክለኛው መዝገብ የመጀመሪያው ዙር አልቋል። የውጤቶቹ ባለቤት እኔ፣ ግሩፑ መዝገብ፣ ፈቃዱ 640። "/ቲኤምፒ" ውስጥ የቀረ ነገር የለም። የሪጀክት ካውንተሩ እንደ ረቡዕ ሁሉ ጨምሯል፤ ሎጉ ላይ ያሉት መስመሮች ሁሉ "ጂአይዲ=990" ይላሉ። የሚቀረኝ ሎጉ በየቀኑ ተጠቃሎ እንዲደርሰኝ ማድረግና፣ ፕሮግራሙን ላመጡልን ሰዎች ወደ ፖርት 443 ምን እንደሚልክ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።